ነጯ ፍሪጅ ውስጥ የተገኘው ሳጥን

— ሄሎ… ማሙሽ? በስንት ጸሎት ስልክህን ከፈትክ። ከጠዋት ጀምሮ ስደውል፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ከምትለዋ ሴትዮ ጋር ዘመድ ሆነን ልንቀር ነበር።… ደህና ነኝ።… ሱቅ ነኝ፣ ሌላ የት እሆናለሁ።

— ነጯ ፍሪጅ?… የትኛዋ ነጯ?… አሃ፣ የእትዬ፣ የጡረተኛዋ አስተማሪ። እሷማ ሄደች።… ሄደች ነዋ፣ ተጠግና አልቃ እዚህ ምን ትሠራለች? ኮምፕረሰሯን ቀየርን፣ ጋዝ ሞላን፣ ስታጉረመርም አደረች፣ ጠዋት ደህና አድርጋ ቀዝቅዛለች። እትዬ መኪና ይዘው መጡ፣ ጫንኩላቸው፣ መርቀውኝ ሄዱ።… ለምን ሳልነግርህ? ከመቼ ወዲህ ነው ፍሪጅ ለማስረከብ አንተን የማስፈቅደው?

— ቆይ፣ አትቆጣኝ።… አልተቆጣህም፣ እሺ። ምን ረሳህባት?… ምሳህን።… ምሳህን አትክልት መሳቢያው ውስጥ፣ ከታች፣ በፎጣ ጠቅልለህ።… ምን ነበር ምሳው?… ሩዝ። እሺ፣ ሩዝ ይሁን።

— ማሙሽ፣ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሩዝህን ማለቴ ነው። ክዳኑ ላይ መርፌ ተስሎበታል።

— ሄሎ… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… አለህ?… አለህማ፣ ትንፋሽህ ይሰማኛል።

— (ስልኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ፣ ለጁስ ቤቱ ባለቤት) ጁስ ቤት፣ የፍሪዘርህ ቅዝቃዜ መቆጣጠሪያ፣ ተርሞስታቱ ነው የሄደው፣ ነገርኩህ እኮ። እዛች በርጩማ ላይ ቁጭ በልና ጠብቀኝ፣ ወንድሜ ነው።… አይ፣ ሰላም ነው። ቁጭ በል ብቻ።

— አለሁ፣ ማሙሽ።… እትዬ ናቸው ያመጡት። ቲማቲማቸውን ሊያስገቡ መሳቢያውን ሲከፍቱ ፎጣ ያገኛሉ፣ ፎጣውን ሲፈቱት ሳጥን። ሁለት ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ መሃል አስቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈው በታክሲ መጡልኝ። «የሰው መድኃኒት ነው፣ የሚፈልገው ይኖራል» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።… ኧረ እንደዛ አላሰቡም። ሱሰኛ ቢመስላቸው ፖሊስ ይዘው ይመጡ ነበር እንጂ ጠርሙስ አይዙም።

— ምን?… ጣለው?… ምን ማለት ነው ጣለው?… ልታቆመው ነበር። ከመቼ?… ከዛሬ። ታዲያ የምታቆመውን ነገር ለምን ትፈልገዋለህ?… ሰው እንዳያየው። እሺ። አየሁት እኮ እኔ፣ አለቀ።

— ስማኝ። ሳጥኑ ላይ የክሊኒኩ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል፣ ደወልኩ።… አዎ ደወልኩ፣ ምን ታደርገኛለህ? አንዲት ሲስተር አነሳች።… አይ፣ አልነገረችኝም። የወንድሜ ነው ወይ፣ ለምን በሽታ ነው ብዬ ለመንኳት፣ ተለማመጥኳት፣ ታላቅ ወንድሙ ነኝ፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ አልኳት። «የሰው ምስጢር ነው፣ ራሱን ጠይቀው» ብላ በዛ በኩል አፏን ጥርቅም አደረገችብኝ። አልተቀየምኳትም፣ የኔም ምስጢር እሷ ጋ ቢሆን ደስ ይለኛል። ስለ መርፌው አያያዝ ግን ጠይቄ ጠይቄ፣ እሱን ሁሉ ነግራኛለች።

— ስለዚህ በሽታውን ካንተው ነው የምሰማው።… ጊዜ አለኝ።… እየሰማሁህ ነው።

— መልቲፕል… ምን?… ቀስ ብለህ ድገምልኝ።… ስክሌሮሲስ።… የነርቭ።

— ይገድላል?… ዙሪያ አትዙርብኝ ማሙሽ፣ የጠየቅኩህን መልስልኝ። ይገድላል ወይ?… ብዙ ሰው አብሮት ይኖራል። ሐኪሙ ነው እንደዛ ያለህ ወይስ አንተ ነህ?… ሐኪሙ።… እሺ።… እሺ፣ ቆይ አንዴ ልቀመጥ።

(የተጋደመ የተበላሸ ፍሪጅ ላይ ቁጭ ይላል። ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል።)

— አለሁ፣ አለሁ።… አላለቀስኩም። የፍሪጅ ጋዝ ነው ዓይኔ ውስጥ የገባው።… አውቃለሁ የፍሪጅ ጋዝ ዓይን ውስጥ እንደማይገባ፣ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።

— በል አስረዳኝ። የገዛ ሰውነትህ መከላከያ… ነርቩ ላይ ያለውን ልባስ ይበላል። አይጥ የሽቦ ላስቲክ እንደምትበላው።… ታዲያ እንደዛ ብትለኝ ቶሎ ይገባኝ ነበር። ልባሱ የተላጠበት ጋ መልእክቱ ይቆራረጣል።… ለዛ ነው እግርህ የሚጎተተው? ጫማ ጠበበኝ ስትል የከረምከው?… ዓይንህ የደበዘዘብህም ጊዜ?… እኔ ደግሞ መነጽር ግዛ እያልኩ ስጨቀጭቅህ። እና መርፌው ምን ያደርጋል?… አይጧን ያስታግሳል። የተበላውን አይመልስም፣ ሌላ እንዳይበላ ግን ይከላከላል።… በሳምንት ሦስቴ።… እና ይሄን ነው ዛሬ የምታቆመው። አይጧን ልትለቅ።

— አልሰደብኩህም። ለምን እንደሆነ ንገረኝ።

— ቆዳህ ምን ሆነ?… ይቀላል፣ ያብጣል።… ያሳክክሃል። ሌሊት?… ሲሄድ ደግሞ ጠንካራ እብጠት ይተዋል።… ምን አልክ? ጎደጎደ?… ጭንህ ላይ አውራ ጣት የሚያስቀምጥ ጉድጓድ።… የእናቴ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ይዘህ ነው እንዴ ትናንት ከኔ ጋር ያንን ሁሉ ደረጃ ፍሪዘር ስትሸከም የዋልከው?

— ቆይ፣ የመጨረሻዋን ድገማት።… አንዱ ቦታ ጠቆረ።… ተከፍቶ ሱሪህ ላይ ተጣበቀ። መቼ?… ትናንት ማታ። እና «መድኃኒቱ እያበሰበሰኝ ነው» ብለህ ተስፋ ቆረጥክ።… እኔም ብሆን እንደዛ ነበር የማስበው፣ አልዋሽህም። ግን ማሙሽ፣ ይሄማ ዛሬውኑ መታየት አለበት። ሲስተሯ ያንተን ነገር ሳታነሳ፣ በጠቅላላው ስትነግረኝ፣ «የጠቆረ ወይም የተከፈተ ቁስል ካለ ቀን ሳይሰጠው ይምጣ» ብላለች። ዛሬ እንሄዳለን። አንተና እኔ።… ሱቁ ይዘጋል። ጁስ ቤት ይከፋዋል፣ ይክፋው።

— (ወደ በርጩማው ዞሮ) ምን ትላለህ?… የጥርስ ሳሙና? በምኑ ላይ?… ወንድሜ፣ ለፍሪዘርህ እንኳ የጥርስ ሳሙና አልቀባም። አመሰግናለሁ።

— ጁስ ቤት ነው፣ ቁስሉ ላይ የጥርስ ሳሙና ቀባበት እያለህ ነው። እንዳትሰማው። ሲስተሯ እኮ አስጠንቅቃኛለች፣ ምንም ቅባት፣ ምንም ቅጠል፣ ሰፈር ያዘዘው ምንም ነገር እንዳይነካው።

— አሁን እኔ ልጠይቅህ። የት የት ነው የምትወጋው?… አንድ ቦታ ብቻ? ሁልጊዜ? ቀኝ ጭንህ ላይ?… ለምንድን ነው እሱን የመረጥከው?… ስለማያምህ።… ደንዝዟል። ማሙሽ፣ የደነዘዘው እኮ ስለተጎዳ ነው። አንተ ደግሞ እዚህስ አያምም ብለህ ደጋግመህ እሱኑ። ቆዳው ፋታ አላገኘም እኮ።

— ሲስተሯ ያለችኝን ስማ። ሙሽሪት ወረቀቱን ይዛልኝ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን መመሪያ።… አዎ እዚህ ናት፣ ከቢሮ ፈቃድ ወስዳ የሠርጋችንን የጥሪ ካርድ ልንመርጥ ነበር። ደቃቃ ጽሑፉን እሷ ናት የምታነብልኝ። ቦታ ይቀያየራል። ዛሬ አንዱ ጭን፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሆድ፣ ከእምብርት ራቅ ብሎ፣ ቀጥሎ ክንድ፣ ቀጥሎ ዳሌ። አንዱ ቦታ ከተወጋ ቢያንስ ሳምንት ይረፍ። የቀላ፣ ያበጠ፣ የጠነከረ፣ የጎደጎደ ቦታ ጋ መርፌ አይጠጋም።… ነግራህ ነበር? ታዲያ ካወቅክ?… ጊዜ የለህም። እንዴት ነው ጊዜ የለህም?

— እኔ ለምሳ ስወጣ።… በሩን ከውስጥ ቆልፈህ፣ ከቆሙት ፍሪጆች ጀርባ፣ ሱሪህን ዝቅ አድርገህ፣ እኔ እስክመለስ። ያን ቀን ቁልፍ ረስቼ ተመልሼ በሩን ስደበድብ «ብየዳ ላይ ነኝ» ያልከኝ?… እሱ ቀን ነው። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ብየዳ ነው ጭስም ሽታም የሌለው ብዬ፣ ልጁ ሥራውን እንዴት አሻሻለው ብዬ ሳደንቅህ ነው የዋልኩት።

— ሳቅክ። እግዜር ይመስገን፣ ሳቅክ።

— እና ከፍሪጅ ታወጣና ወዲያው ትወጋለህ?… ወዲያው? በዛ ቅዝቃዜ?… ለምን ትንሽ አላቆየኸውም?… ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥ።

(ይስቃል። ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ ይስቅና መልሶ ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል።)

— ይቅርታ ማሙሽ። አንተ ላይ አይደለም፣ ሙያችን ላይ ነው። ከፍሪጅ ሠራተኛ በቀር ይሄን ስህተት ማን ይሠራል? ለደንበኛ ሁሉ «ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥ» እያልን ስንሰብክ፣ ጭኑን በበረዶ የሚወጋ ሰው አፈራሁ። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጠው ሳትወጋው በፊት ነው። ልትወጋ ስትል ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለህ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ በራሱ ጊዜ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመጣል። በሙቅ ውሃ አይነከርም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ብየዳ አጠገብም አይቀመጥም። የመጨረሻዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ።

— አልኮሉንስ?… ጠርገህ ወዲያው። እሱም ይደርቅ ብላለች፣ እርጥቡን ከወጋኸው አብሮ ገብቶ ያቃጥላል። ከወጋህ በኋላ ደግሞ አታሸውም።… ታሻለህ? ለምን?… እናታችን ስታሸን ስለነበር። እሷ ያሸችን እንቅፋት ሲመታን ነው እኮ የኔ ጌታ። ካሳከከህ ወይም ካበጠ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ደቂቃ ያዝበት። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደለም። ምን ያህል፣ መቼ የሚለውን እሷው ታሳይሃለች። ቀዝቃዛ ነገር ደግሞ እኛ ቤት ጠፍቶ አያውቅም።

— ይሄን ሁሉ አድርገህ ካልተሻለህ፣ ሌላ መድኃኒት አለ። ሐኪሙ ይቀይርልሃል፣ ካስፈለገ በሌላ መንገድ የሚሰጥም አለ ብላኛለች። ብቻ እሱ ነው የሚወስነው። አንተ ብቻህን ከፍሪጅ ጀርባ ቆመህ አትወስንም።… ቃልህን ስጠኝ።… እየጠበቅኩ ነው።

— አልሰጠኸኝም። ሌላ ነገር አለ።… እጅህ ክንድህ ጀርባ አይደርስልህም፣ ዳሌህም ላይ አይደርስልህም። ሰው ያስፈልገዋል። ይሄን ነው የምትለኝ?… እና ሰው የለህም?

— እኔ መርፌ እንደምፈራ አውቃለሁ፣ አታስታውሰኝ።… ክትባት ተሰልፌ የሮጥኩትንም አታስታውሰኝ፣ ሙሽሪት እየሰማች ነው።… (ወደ ጎን) አዎ ሮጫለሁ፣ ሕፃን ነበርኩ።… እሺ፣ ትልቅ ነበርኩ። ሲስተሯን ጠየቅኳት እኮ ማሙሽ። «ፈሪ ሰው መውጋት ይማራል ወይ» አልኳት። ሳቀችብኝ። መጀመሪያ ብርቱካን ላይ እንለማመዳለን አለች። ብርቱካኑ ካልጮኸ ወንድምህ ጋ ትደርሳለህ አለችኝ።

— (ወደ በርጩማው) ከምር?… እግዜር ይስጥልኝ።

— ጁስ ቤት ብርቱካኑን እኔ እችላለሁ እያለህ ነው። ፍሪዘሩን ሳልጠግንለት።

— እንግዲህ ሰው አለህ። አሁን ለምን እንደደበቅከኝ ንገረኝ።… እየሰማሁህ ነው።… ድምፅህን ከፍ አድርግ።… ሠርጉን።

— እንደገና እንዳላራዝመው።

(ነጭ የጥሪ ካርዶቹ ከሳጥኑ አጠገብ ተበታትነዋል። አንዱን በጣቱ ያስተካክለዋል።)

— አንዴ አንተ ትምህርትህን እስክትጨርስ ብዬ አራዘምኩ። አንዴ እናታችን አልጋ ስትይዝ። ልክ ነህ።… እና ይሄን ብሰማ ለሦስተኛ ጊዜ የምተወው መሰለህ። ለዛ ብለህ ስንት ወር ብቻህን።… እውነቱን ልንገርህ? አልተሳሳትክም። ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ከፍቼ መርፌዎቹን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። ይቅር አልኩ በሆዴ። ሠርግ ይቅር፣ ቤት ይቅር፣ ከልጁ ጎን ልሁን።

— ለሙሽሪት ነገርኳት አዎ። ምን አለች መሰለህ?… አንቺው ንገሪው።… አይ፣ ስልኩን አልቀበልም አለች፣ እንባዋ ነው። እኔ ልንገርህ። «አንተ ብቻህን ስለምትይዘው ነው ሁልጊዜ የሚከብድህ» አለችኝ። «እሱም ካንተ የተማረው ነው» አለች። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቀን በአንድ ሴት ተሰደብን። «ይሄን ሠርግ ብታራዝመው ተርሞስታትህን ነው የምነቅለው» አለች ደግሞ፣ ይሄን ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ ጁስ ቤት ምስክር ነው።

— ስለዚህ አይራዘምም። በተባለው ቀን ነው። አንተም ከጎኔ ትቆማለህ፣ ከደከመህም ከጎኔ ትቀመጣለህ፣ ወንበር ጠፍቶ አያውቅም። ቤታችን ውስጥ የኛው ፍሪጅ ይኖራል፣ የላይኛው መደርደሪያ ያንተ ነው፣ በሩ ላይ ማንም ቁልፍ አያደርግም፣ ፎጣም አያስፈልገውም። ከበረዶ ቤቱ ብቻ እናርቀዋለን፣ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። ይሄኛውን ሳጥን ግን እንዳትነካው፣ በመኪና ሲንገላታ ውሏል። ሲስተሯ አይታው ነው ይሁን ወይ አይሁን የምትለው።… ዛሬ የመርፌህ ቀን ነው? እሷ ጋ ሆነን እንጠይቃታለን። ዛሬ ይሁን፣ ነገ ይሁን፣ የት ቦታ ይሁን፣ እሷ ትበል።

— ማሙሽ?… እያለቀስክ ነው?… አትልቅስ አልልህም፣ አልቅስ። የምልህ ግን አታቁም ነው። ፈራሁልህ እኮ። ሳጥኑን ይዤ ከጠዋት ጀምሮ የማስበው ምን እንደሆነ ልንገርህ? የበሽታውን ስም እንኳ አላውቅም ነበር፣ በቃ ልጁ ሊያልፍብኝ ነው ብዬ ነው የዋልኩት። አሁን ስሙን አወቅኩ፣ መድኃኒቱን አወቅኩ፣ የሚያስቸግርህ ቆዳህ እንደሆነ አወቅኩ። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ቆዳ እኮ እናስታምመዋለን።

— ትወስደዋለህ?… በቃል ንገረኝ፣ ራስህን ብትነቀንቅ በስልክ አይታየኝም።… እወስዳለሁ በል።… አንዴ ድገመው፣ ሙሽሪት ትስማው።

— (ስልኩን ወደ እሷ ያስጠጋል፣ ይመልሳል።) ሰማች። በቃ፣ ተፈራረምን።

— የት ነህ አሁን? መጥቼ ልውሰድህና እንሂድ።… መንገድ ላይ ነህ።… የትኛው መንገድ?… ቆይ። ይሄን የአሸዋ መኪና ጡሩምባ ባንተም ስልክ ሰማሁት፣ በኔም በር ሰማሁት።

(ተነስቶ ወደ በሩ ይሄዳል። ፀሐዩን በእጁ ይከልላል።)

— ጎማ ቤቱ ጥላ ሥር የቆመው ማን ነው?… ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈው፣ ግድግዳውን የተደገፈው።… ከመቼ ጀምሮ ነው እዛ የቆምከው?… ሄሎ ካልኩህ ጀምሮ። እኔ እዚህ ስጮህ አንተ እዛ ማዶ ቆመህ ስታየኝ። ፊቴን ልታነብ?… እና ምን አነበብክ?

— እንደማልተውህ።… እሺ፣ የኔ ጌታ።

— ለምን አትሻገርም ታዲያ?… እግርህ እምቢ አለህ።… ብዙ ስለቆምክ ነው?… ስትጨነቅም ይብስብሃል። ግድ የለም፣ እንደዛ ስትሆን ጥራኝ፣ አንዳንዴ ነው ብለህ አትለፈው። ግድግዳውን አትልቀቅ። እኔ መጣሁ።

— (ወደ ውስጥ) ሙሽሪት፣ ሳጥኑን ከጠርሙሶቹ ጋር ያዥልኝና ታክሲ አስቁሚ። ጁስ ቤት፣ ሱቁን ጠብቅልኝ። የሚደወል ስልክ እንዳታነሳ፣ የጥርስ ሳሙና ታዝዛለህ።

— እየወጣሁ ነው ማሙሽ።… ሰው ያይ፣ ምን ቸገረህ። ወንድሜን ደግፌ ታክሲ ሳስገባ ይዩኝ።… አስፋልቱ ላይ ነኝ።… እየው፣ መኪና ላሳልፍ።… አየሁህ። አሁን ስልኩን ዝጋው፣ እጅህን ነው የምፈልገው።